አዳራሹ የማን ነው?

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ በመጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎም በመዝገብ። ዓይን የቅርጹን ውበትና የአሠራሩን ጥራት ያያል፤ መዝገብ ደግሞ ማን እንደከፈለለትና ዛሬ በማን ስም እንደሚገኝ ይናገራል። በናይሮቢ መሐል ከተማ የቆመው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል በመጀመሪያው ሚዛን የሚያኮራ፣ በሁለተኛው ግን ደጋግሞ ያከራከረ ሕንፃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃውን የነደፉት ኖርዌጂያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክና ኬንያዊው ዴቪድ ሙቲሶ ናቸው። በ1960ዎቹ ሥራው ሲታሰብ የካኑ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ነበር። የዓለም ባንክና የዓለም ገንዘብ ድርጅት የ1973 ዓመታዊ ጉባኤያቸውን በናይሮቢ ለማድረግ ሲወስኑ ግን ዕቅዱ ሰፋ፤ መጠነኛው የፓርቲ ቤት 28 ፎቅ ያለው ግንብና ታላቅ የጉባኤ አዳራሽ ሆነ። የሸክላ ቀለም የለበሰው ግንብና እንደ ጎጆ ክዳን ሾጠጥ ያለው ክብ አዳራሽ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ከውጭ የመጣ ጥበብና ያገር ቅርጽ ሳይጣሉ ተስማምተው እናያለን። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ሮበርት ማክናማራ በገጠር ስላለው ፍጹም ድህነት የሚታወቁበትን ንግግር ያደረጉት በዚያው ጉባኤ ነው። ስለ ድሃው ገበሬ የተነገረው በአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ ሥር መሆኑ ራሱ የሚያስተዛዝብ ነው።

የመዝገቡ ታሪክ ከቅርጹ ታሪክ ይልቅ ጎርባጣ ነው። ግንባታው የተካሄደው በመንግሥት ወጪ ቢሆንም በ1980ዎቹ መጨረሻ ሕንፃው በካኑ ስም ዞረ። ገዢው ፓርቲና መንግሥት አንድ በነበሩበት ዘመን ይህን የሚከራከር አልተገኘም። ካኑ በምርጫ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2003 መጀመሪያ፣ አዲሱ የናርክ መንግሥት ሕንፃውን ለሕዝብ አስመለሰ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እንዲሉ፣ እዚህ ላይ የተናቀው ባለቤት ግብር ከፋዩ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር የተነሣው በ2023 መጨረሻ ነው። መንግሥት ወደ ግል ሊያዛውራቸው ካሰባቸው 11 ድርጅቶች መካከል የስብሰባ ማዕከሉ አንዱ ሆነ። የሽያጩ ደጋፊዎች መንግሥት ነጋዴ መሆን የለበትም፣ የግል ባለሀብት ቢይዘው ይሻላል አሉ። ይህ አስተያየት እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በዚያው ከተማ በ1969 የተከፈተውና መንግሥት ከ40 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ድርሻ የነበረው የናይሮቢ ሂልተን በ2022 መጨረሻ በሩን ዘግቷል፤ የመንግሥት እጅ መኖሩ ሆቴሉን ከመዘጋት አላዳነውም። ሆኖም የሆቴል መኝታና የአገር ቅርስ አንድ አይደሉም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመስከረም 2024 የ2023ቱን የፕራይቬታይዜሽን ሕግ፣ ሕዝብ በበቂ ሁኔታ ሳይመክርበት የወጣ በመሆኑ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጻረር ነው ሲል ወስኗል፤ ማዕከሉም በሕግ የተጠበቀ ብሔራዊ ቅርስ መሆኑን አስረግጧል።

ይሁን እንጂ ማዕከሉን የሚሟገቱለት ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሕንፃውን በመጀመሪያ ከሕዝብ እጅ ያወጣው ባለሀብት ሳይሆን ራሱ መንግሥት ነበር። ስለዚህ «የመንግሥት ይሁን» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው የባለቤትነት ሰነዱ፣ ወጪውና ገቢው ለማንም ጠያቂ ክፍት መሆኑ ነው።

በዚሁ ጎዳና ሌላ ጫፍ ያለው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ለንጽጽር ይጠቅማል። አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት፣ በ18 ወራት ተሠርቶ በ1961 የተመረቀው ይህ አዳራሽ፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የሚገኝበት፣ በ1963ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት እድሳት ተጠናቆ በጥቅምት 2024 ዳግም ተከፍቷል። ገንዘቡን የፈቀደው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን የሥራው ሂደትም በየጊዜው በሪፖርት ይቀርብለት ነበር። እዚህም ግን ጉድለት አለ፤ አዳራሹ ለብዙ ዘመን ከጥበቃ አጥር ጀርባ በመቆየቱ አብዛኛው የከተማው ነዋሪ ሥዕሉን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። ናይሮቢ በዚህ ትበልጣለች፤ ተራው ጎብኚ መግቢያ ከፍሎ እስከ ግንቡ ጣሪያ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ያያል።

ይህ ሁሉ ለሞያሌ ነዋሪ ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። የሄሉ ባለሱቅ ግን ከሚሸጠው ስኳርና ሳሙና ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ወደዚያው ካዝና ይገባል። ናይሮቢ በ2025 በቦማስ ሌላ ግዙፍ የስብሰባ ማዕከል መገንባት ጀምራለች፤ ለቅርስ ማሳያ በተቋቋመ ስፍራ ላይ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ሽልንግ የሚፈስበት ሥራ ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 201 በሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ ሕዝብ እንዲሳተፍ፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መረጃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ድንጋጌው የተጻፈው ለናይሮቢ ሰው ብቻ አይደለም። የማርሳቢት አውራጃም ነገ አዳራሽ ወይም እንግዳ ማረፊያ እሠራለሁ ቢል፣ ነዋሪው መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ይፈጃል? በማን ስም ይመዘገባል? ጉባኤ በማይኖርበት ቀንስ ማን ይገባበታል?