መምጫዬ «ገና» ነው፦ በቅናሽ ሰሞን ሪቨርብ ስለ መምረጥ

ኅዳር የቅናሽ ወር ሆኗል። እዚህ ቤይሩት የሱቁ መስታወት ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ስልካችንም ከጠዋት እስከ ማታ «ዛሬ ብቻ! 70 በመቶ ቅናሽ!» ይለናል። የሚረክሰው ጫማና መጥበሻ ብቻ አይደለም። ዘፈን ለሚቀዱ ሰዎች የሚሸጡ ፕለጊኖችም ይረክሳሉ። ፕለጊን ማለት ኮምፒውተር ላይ ካለው የመቅጃ ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ድምፅን የሚያስተካክል ትንሽ ሶፍትዌር ነው። ከፕለጊኖቹ መካከል እህቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ሪቨርብ ነው።

እኔ በእረፍት ቀኔ፣ እሁድ እሁድ፣ የማኅበራችንን እህቶች ዘፈን በአሮጌ ላፕቶፕ አስተካክላለሁ። በዚህ ሰሞን የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛው ይሻላል? አሁን ካልገዛሁት ያመልጠኛል ወይ?» መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሪቨርብ የሚመረጠው ዋጋው ላይ በተሰረዘው ቁጥር አይደለም፤ ቃልሽን ሰሚው ጆሮ ድረስ በማድረሱ ነው። በዚህ ሚዛን ካየነው ደግሞ ለአብዛኞቻችን በነጻ የሚገኘው ይበቃል። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ኢኮ እና ሪቨርብ

እኛ ሁለቱንም «ኢኮ» ነው የምንላቸው። ሠርግ ላይ ዘፋኙ «ኢኮ ጨምርበት» ሲል ኪቦርድ ተጫዋቹ የቱን እንደሚጨምር አይታወቅም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኢኮ የገደል ማሚቶ ነው፤ «እማ!» ብለሽ ስትጣሪ ገደሉ ቆይቶ «እማ!» ብሎ ይመልስልሻል። ሪቨርብ ግን ድምፅሽ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ላይ ሺህ ጊዜ ነጥሮ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ ተዋህዶ የሚመለሰው ነው። ባዶ የሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ አጨብጭቢ፤ ከዚያ ፍራሽና ብርድ ልብስ የተከመረበት ክፍል ገብተሽ አጨብጭቢ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሪቨርብ ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ በሳይንስ የለካው ሰው የተነሳው ዘፈን ለማሳመር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1895 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ አዳራሽ ነበር፤ መምህሩ ሲናገር ድምፁ ከ5 ሰከንድ በላይ እየቆየ አንዱ ቃል ሌላውን ይውጠዋል፣ ተማሪው ምንም አይሰማም። ዋላስ ሳቢን የሚባል መምህር ይህን እንዲያስተካክል ታዘዘ። ሌሊት ሌሊት ከጎረቤት ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ እየደረደረና እየለካ ድምፁ ስንት ትራስ ሲገባ እንደሚያጥር አወቀ። እኛ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁመን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን በስልክ ስንቀዳ የምናደርገው የሳቢንን ሥራ ነው። የሳቢን ጥያቄም የእኛ ጥያቄ ነው፦ ቃሉ ይሰማል ወይ?

ከዚያ በኋላ የመጡት ድምፅ ቀጂዎች ሪቨርብን ሆን ብለው ይሠሩት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1947 ቺካጎ ውስጥ ቢል ፑትናም የስቱዲዮውን መታጠቢያ ቤት ማስተጋቢያ ክፍል አድርጎ የሃርሞኒካ ቡድን ቀዳበት። በ1957 ኢ ኤም ቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ትልቅ የብረት ሉህ በፍሬም ወጥሮ ሪቨርብ የሚሰጥ ዕቃ አወጣ፤ ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንፍሬድ ሽሮደር ሪቨርብን በኮምፒውተር ስሌት መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ፕለጊኑ ላይ «ሩም»፣ «ሆል»፣ «ቻምበር»፣ «ፕሌት» ተብሎ የምታነቡት ከዚህ ታሪክ የመጣ ነው፦ ክፍል፣ አዳራሽ፣ ማስተጋቢያ ክፍልና የብረት ሉህ። 270 ኪሎው አሁን ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል።

የመፈተኛዬ ቃል

ሪቨርብ የምፈትነው በአንድ እህታችን ዘፈን ነው። በክራር የታጀበ እንጉርጉሮ ነው፤ ለእናቷ የምትልከው። በውስጡ «መምጫዬ ገና ነው» የሚል ስንኝ አለ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና ነኝ፣ አልመጣም» ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን «ለገና በዓል እመጣለሁ» ይሆናል። ሰሙም ወርቁም ያለው እዚያች «ነ» ላይ ነው፤ ምላስ ትንሽ ቆይታ ከተነሳች በዓሉ ነው፣ ቶሎ ከተነሳች ደግሞ ናፍቆቱ ነው። አገር ቤት ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለምትሰማ እናት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንደኛው በግ ያስገዛል፣ ሌላኛው ያስለቅሳል።

ሪቨርብ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው። የፊተኛው ድምፅ ጅራት በሚቀጥለው ላይ ይፈስና ምላስ ምን ያህል እንደቆየች አይለይም። «ጠ» እና «ቀ» ላይ ያለችው አፍታ ዝምታም ትሞላለች፤ ቃሉ ሹልነቱን ያጣል። የውጭ ማስታወቂያዎች ላይ የሚያሰሙን ናሙና ብዙ ጊዜ ቃል የሌለው «አአአ» ወይም ፒያኖ ነው። እሱ ያምራል፤ የሚጠፋበት ትርጉም የለውማ! አማርኛ ግን በመጥበቅና በመላላት የሚኖር ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ሪቨርብ በራስሽ ቃል ሳትፈትኚ አትመኚው።

አራቱን ስሰማቸው

ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ፦ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ የወጣው በ2020 ነው። ስልቶቹ ጀሚናይ፣ ሃይድራ፣ አንድሮሜዳ እየተባሉ በከዋክብት ስም ተሰይመዋል፣ ድምፁም እንደ ስሙ ነው። ክራሩን ብቻ ስሰጠው አንድ ክር ተመትቶ ሰማይ ሙሉ ሆነ። ዘፈኑን ስሰጠው ግን «ገና»ው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ራሷ ዘፋኟም አልለየችውም። ለመግቢያና ለመውጫ፣ ቃል ለሌለበት ቦታ ግሩም ነው። ስንኝ ላይ አይደረግም።

ድራገንፍላይ ሪቨርብ፦ ይህም ነጻ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ሆል፣ ሩምና ፕሌት፣ በተጨማሪም የመጀመሪያዎቹን ነጸብራቆች ብቻ የሚሰጥ አራተኛ አለው። መልኩ ደረቅ ነው፣ ቁልፉም ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ያስፈራል። ሩሙን ይዤ ርዝመቱን 1 ሰከንድ ገደማ ሳደርገው ግን ዘፋኟ እውነተኛ ክፍል ውስጥ የቆመች መሰለች፣ «ገና»ውም ተለየ። ከነጻዎቹ ሁሉ ለአማርኛ ዘፈን የምመርጠው እሱን ነው።

ቫልሃላ ቪንቴጅቨርብ፦ ዋጋው 50 ዶላር ነው። የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ዲጂታል ሪቨርብ መልክ ይሰጣል፤ ለድምፅ ለስለስ ያለ ጨርቅ ያለብሳል። ካየኋቸው ሁሉ ያለ ብዙ ድካም ቶሎ የሚያምረው እሱ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ኩባንያው ደግሞ የቅናሽ ሰሞን የሚባል ነገር አያውቅም፤ በኅዳርም በሰኔም ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ለመግዛት የሚያጣድፍ ነገር የለም። ሳይገዙ መሞከሪያውን ማውረድ ይቻላል።

ባንድላብ፦ ላፕቶፕ ለሌላችሁ ነው፤ በስልክ ላይ በነጻ ይሠራል፣ ሪቨርቡም ውስጡ አለ። ተዘጋጅተው የተቀመጡት ምርጫዎች ለእኔ ጆሮ ይበዛሉ። መጠኑን ዝቅ ስታደርጊው ግን ሥራውን ይሠራል። ኮንትራት ላይ ሆና ስልክ ብቻ ያላት እህት ምንም አልቀረባትም።

የትኛውንም ብትይዢ ሦስት ነገር አስተካክዪ። አንደኛ፣ «ፕሪዲሌይ» የሚለውን ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ አድርጊው፤ ቃሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ሪቨርቡ ይከተለዋል። ሁለተኛ፣ ሪቨርቡ ውስጥ የሚገባውን ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ቁረጪ። ለንደን ያለው የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ስም የሚነሳበት የታወቀ ዘዴ ከ600 ኸርዝ በታችና ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን መቁረጥ ነው። ሦስተኛ፣ ሪቨርቡ እስኪሰማሽ ጨምሪው፣ ከዚያ መኖሩ እስኪያጠራጥርሽ ድረስ መልሰሽ ቀንሺው።

የቅናሹ ጉዳይ

አሁን ወደ ገንዘቡ። ወር 200 ዶላር ለምታገኝ እህት 50 ዶላር የአንድ ሳምንት ድካም ነው። «200 የነበረው 29 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ 171 ዶላር ያተረፍሽ ይመስልሻል፤ ከቦርሳሽ የወጣው ግን 29 ዶላር ነው፣ የገባ የለም። በዚህ ዓይነት ዋጋ የሚሸጡ ኩባንያዎች ደግሞ ቅናሹን በዓመት ደጋግመው ያመጡታል። «ዛሬ ብቻ» የተባለው በሚቀጥለው ወር ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል።

ከዋጋው በላይ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቻችን የባንክ ካርድ የለንም፤ በሰው ካርድ ነው የምንገዛው። ገዢው ሰው በራሱ ኢሜይል ከተመዘገበ ፈቃዱ የእሱ ነው። አንዳንድ ፕለጊኖች አይሎክ የሚባል የፈቃድ መቆጣጠሪያ አካውንት ይጠይቃሉ፤ ላፕቶፕ ስትቀይሪ በዚያ አካውንት ካልገባሽ አይከፈትልሽም። ወረቀቷ በሌላ ሰው እጅ የሆነ ሴት ምን እንደምትሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ካርዱ የማንም ይሁን፣ አካውንቱ በራስሽ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም ከአንቺ ጋር ይኑር። ከዚህች አገር ወጥተሽ ወደ ሌላ ብትሄጂ ወይም አገርሽ ብትገቢ አብሮሽ ይሄዳል። ይህን የማይሆንልሽ ሻጭ ከሆነ በነጻም ቢሰጥሽ ይቅርብሽ።

ለምን እናበዛዋለን?

ከእኛ ዘፈኖች አብዛኞቹ በሪቨርብ የተጥለቀለቁ ናቸው። ይህን የምለው ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከማድቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ወይም በረንዳ ላይ ተኝታ፣ መዳም እንዳትሰማ በሹክሹክታ የምትቀዳ ሴት ድምፅዋ ሰፊ ቦታ ቆሞ መስማት ትፈልጋለች። በደረቁ ስትሰማው ያቺኑ ክፍል ነው የምትሰማው። ሪቨርቡ ጣሪያውን ከፍ ያደርግላታል፣ ግድግዳውን ይገፋላታል። ይህ ፍላጎት ትክክል ነው። ማንም ሊያፌዝበት አይገባም።

ግን ሌላም ምሳሌ አለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ሆነው፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያንጎራጎሯቸውን ዜማዎች በተራ ቴፕ ቀድተዋቸው ነበር። በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብሎ ወጣ። ስለ አገርና ስለ ስደት ነው የሚያዜሙት። ትልቅ አዳራሽ የለም፤ የፒያኖው መቀመጫ ሲንቋቋ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል። ክፍሉ አልተደበቀም። እኔ ስሰማው እዚያ ክፍል ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጥኩ ይመስለኛል፣ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ይህን የሚሰጥ ፕለጊን በ29 ዶላርም በ290 ዶላርም አይሸጥም።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ስንኙ ሲዘፈን ሪቨርቡን ዝቅ አድርጊው፤ የስንኙ የመጨረሻ ቃል ላይ ስትደርሺ ከፍ አድርጊውና ጅራቱ ዝምታው ላይ ይፍሰስ። ቃሉ ደርሷል፣ ከዚያ በኋላ ሰፊው ሜዳ ይምጣ። የእህታችንን እንጉርጉሮ እንዲህ ነው የጨረስነው፦ ስንኙ በድራገንፍላይ ሩም፣ የስንኙ መጨረሻና የክራሩ መውጫ በሱፐርማሲቭ። የወጣው ገንዘብ ዜሮ ነው።

በመጨረሻ ፍርዱን ለእኔም ለሻጩም አትተዉት። ብርድ ልብሱን ስቀሉ፣ ቅዱ፣ ነጻውን ሞክሩ፣ ከዚያ ለአገር ቤት ሰው ላኩት። «ያምራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያምራል ትላችኋለች፣ እናት ናት። «ምን አልኩ?» ብላችሁ ጠይቁ። «መምጫሽ ለገና ነው ወይስ ገና ነው?» ብላ መልሳ ከጠየቀቻችሁ ሪቨርቡን ቀንሱት።