የአንድ ኪስ ክለቦች፦ ከስኮርኒቼሽት እስከ ወልድያ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለችው ደብረ ወርቅ በጥንታዊቷ የማርያም ገዳሟ እንጂ በእግር ኳስ ስሟ ተነስቶ አያውቅም። ኳስ የለባትም ማለት ግን አይደለም። እንደማንኛውም የጎጃም ደጋ ከተማ እዚያም ትምህርት ሲለቀቅ ሜዳው ይሞላል፤ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ቋሚ ይሆናል፤ ኳስ ከጠፋም ጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ ሜዳ የወጣ ጎበዝ ልጅ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ፣ ለወረዳው፣ ቀጥሎም ለዞኑ ይጫወታል። ከዞን በላይ በአካባቢው የሚያገኘው ትልቁ በር ደብረ ማርቆስ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ነው። ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ አያውቅም፤ የኖረው በታችኛዎቹ ሊጎች ነው። የምሥራቅ ጎጃም ታዳጊ ሁሉ ግን አሻቅቦ የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ክለብ ምን ያኖረዋል፣ ምንስ ይገድለዋል የሚለው ጥያቄ ከአንድ ከተማ ጉዳይ ይሰፋል።

የእኛ የእግር ኳስ ታሪክ አጻጻፍ ለዚህ ጥያቄ ብዙም አልደከመም። የሚጻፈው የዋንጫ ታሪክ ነው። ትንሽ ክለብ በታሪኩ ውስጥ ብቅ የሚለው ያደገ ቀንና የወረደ ቀን ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ዘመን ባዶ ገጽ ሆኖ ይቀራል። የክለቦቹ ዕጣ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በዚያ ባዶ ገጽ ላይ፣ የበጀት ሰነድ በሚፈረምበት ቢሮ ውስጥ ነው።

የጎንደርን 2008 ዓ.ም. እንመልከት። በዚያ ዓመት ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ፋብሪካው ደመወዝ ሲከፍለው የኖረ ክለብ ነበርና ከመውረዱ በኋላ ፈረሰ። በዚያው ክረምት፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው የፋሲለደስ ስታዲየም የሚጫወተው ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ አምስት ዓመት ቆይቶም በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ሁለቱንም ያበቀለች ከተማ አንዲት ናት፤ የተመልካቿም የኳስ ፍቅር ያው ነው። ልዩነቱ ሽንፈት ሲመጣ ማን ይቆማል የሚለው ላይ ነበር። ፋብሪካው ክለቡን የያዘው እንደ ማስታወቂያ ነውና ማስታወቂያው ከታች ሊግ ሲገባ ዋጋ አጣበት። ፋሲልም ቢሆን ከመንግሥት በጀት ነፃ አልነበረም፤ ነገር ግን «አፄዎቹ» ብሎ የሚጠራቸው ሕዝብ ክለቡን የራሱ አድርጎ ይዞታል፤ ያን ሕዝብ ንቆ ክለቡን ለመዝጋት የሚደፍር ሹም አይገኝም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ2009 ዓ.ም. ወረደ፤ የወንዶች ቡድኑም ተበተነ። ከዓመታት በኋላ ባንኩ ሐሳቡን ለውጦ ቡድኑን እንደገና አቋቋመ፤ ከታች ተነስቶ አደገና በ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሆነ። ብዙዎች ይህን የትንሣኤ ታሪክ አድርገው ያወሩታል። የዚህ ዳሰሳ ፍርድ ግን ሌላ ነው። የገደለውም ያስነሳውም አንድ ኪስ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሥራ ያጣው ተጫዋችም ሆነ ቡድን ያጣው ደጋፊ በመዘጋቱም በመከፈቱም ላይ ድምፅ አልነበረውም። ገንዘቡ ሲመለስ ዋንጫ መጣ፤ የጎደሉትን ዓመታት ግን ዋንጫው አይሞላቸውም።

ወልድያ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሰሜን ወሎዋ ከተማ ክለብ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም በከተማዋ ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ ብዙ የክልል ርዕሰ ከተሞች የማያውቁት ዓይነት ስታዲየም ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ለክለቡም ኩራት ነበር። ስታዲየም ግን የተጫዋች ደመወዝ አይከፍልም። አሠልጣኝ ሲለወጥ፣ ተጫዋች ሲፈርም፣ ቡድኑ ለሳምንታት ሆቴል ሲያድር የሚወጣው ብር ከሌላ ካዝና መምጣት ነበረበት፤ ያን ካዝና በዘላቂነት የሚሞላ አደረጃጀት ከሕንፃው ጋር አልተገነባም። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከመቀሌ ጋር ሊደረግ በታቀደው ጨዋታ ዙሪያ በከተማዋ ሁከት ተነሳ፤ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን ራሷን አገኛት። ያን ያህል ስታዲየም ያላት ከተማ ክለቧን በላይኛው ሊግ ማየት አለመቻሏ ለደጋፊው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል።

በአንድ ሰው ወይም በአንድ ተቋም ኪስ ላይ የቆመ ክለብ ዕጣ በሌላ አገርም ተመዝግቧል። በደቡብ ሮማኒያ ስኮርኒቼሽት የምትባል፣ ቀድሞ የገጠር መንደር የነበረች ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒኮላይ ቻውሼስኩ የተወለደባት ናት። ሰውዬው አገሪቱን ሲገዛ መንደሯ ፋብሪካና አፓርትመንት ብቻ ሳይሆን የእግር ኳስ ክለብም አገኘች። ኋላ ኤፍሲ ኦልት የተባለው ይህ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ለማለፍ ከሞሬኒው ፍላካራ ጋር በጎል ልዩነት ተፋጠጠ፤ በመጨረሻው ቀን የስላቲናውን ኤሌክትሮዱል 18 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። አሥር ዓመት ያህል ከቡካሬስት ኃያላን ጋር እኩል ተሰልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1981/82 አራተኛ ሆኖ እስከመጨረስ ደረሰ። ኋላ በቼልሲ የታወቀው ዳን ፔትሬስኩ በወጣትነቱ በውሰት ተጫውቶለታል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ቻውሼስኩ ተገደለ። የውድድር ዘመኑ ገና እኩሌታው ላይ ነበር፤ ክለቡ ግን ከአንደኛ ዲቪዚዮን ተሰረዘ። ከፖሊስ ጋር የተቆራኘው የቡካሬስቱ ቪክቶሪያም አብሮት ተባረረ። አዲሶቹ ሹሞች ይህን ያደረጉት ለፍትሕ ብለው ነው፤ 18 ለ 0ን የሚያስታውስ ሰው ይረዳቸዋል። ሆኖም እነዚያ ዓመታት ሁሉ ውሸት አልነበሩም። የተጫወቱት ልጆች እውነተኛ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ሜዳ ይወጣ የነበረው ገበሬም እውነተኛ ነበር። የተቀጡት ባላቋቋሙትና ባላዘዙበት ነገር ነው። ስኮርኒቼሽት ከዚያ በኋላ ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰች።

በዚያችው ሮማኒያ የተገላቢጦሹም አለ። በቲሚሾዋራ እ.ኤ.አ. በ2012 ትልቁ የከተማው ክለብ ሲፈርስ ደጋፊዎች በታችኛው ሊግ የነበረውን የተማሪዎች ቡድን አቅፈው ያዙ፤ ከኪሳቸው እያዋጡ በሦስት ዓመት ሁለተኛ ዲቪዚዮን አደረሱት። ሀብታም አልሆኑም። ነገር ግን ቡድናቸውን አንድ ሰው በአንድ ፊርማ የሚዘጋው አልሆነም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሳትፈው ነበር፤ የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ማኅበረሰቦች ቡድኖች፣ የእንግሊዝ ጦር ቡድን እና በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከአምስቱ ዛሬ በሊጉ ያለው ጊዮርጊስ ብቻ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ስሙን ቀይረውበታል፤ በደርግ ዘመንም ስሙ ተነክቷል። ስፖንሰርና ባለሀብት ከጎኑ ቢቆሙም ከሁሉም በፊት የቆመው ደጋፊው ስለሆነ ስሙን አስመልሷል።

አሁን ደግሞ የታችኛው ሊግ ኑሮ ከብዷል። ከ2013 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ዓመቱ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን ሥርጭት ውል ገንዘብ ይከፋፈል የነበረው ለፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ነበር። ጨዋታዎችም በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዳሉ፤ ይህ አሠራር ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ወዳለው ከፍተኛ ሊግም ወርዷል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። የደብረ ማርቆስ ተመልካች ቡድኑን ሩቅ ከተማ ሲጫወት በስልክ ይከታተላል፤ በር ላይ ትኬት አይቆረጥም፣ ሻይና ቆሎ ሻጯም ገበያ የላትም። ክለቡ ግን ለሳምንታት የሆቴልና የውሎ አበል ወጪ ይከፍላል። ያ ወጪ የሚመጣው ከከተማው አስተዳደር ካዝና ነው። ካዝናው ሲሳሳ፣ በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ባለበት ግጭት ውስጥ፣ ከንቲባ ለውሃና ለጤና ጣቢያ ቅድሚያ ቢሰጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ስህተቱ ክለቡን ከውሃ ጋር እንዲሻማ አድርጎ ማቆሙ ላይ ነው።

መፍትሔው ባለሀብት መለመን አይደለም። ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ ወጥቶ አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖረው ሰው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለዕድርና ለትምህርት ቤት ማዋጣት የለመደ ነው፤ ክለቡ በዓመት የተወሰነ የአባልነት መዋጮ ብሎ በሩን ቢከፍትለት ይገባል። በምላሹ ግን ሦስት ነገር ይገባዋል፦ በቦርዱ ላይ በደጋፊዎች የተመረጠ ወንበር፣ በየዓመቱ በአደባባይ የሚነበብ የሒሳብ ሪፖርት፣ እና ክለቡ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንዳይፈርስ የሚከለክል ደንብ። የደብረ ማርቆስ ከተማ አስተዳደርና የክለቡ ቦርድ ይህን ደንብ ለመጻፍ ቡድኑ ወደ ላይ እስኪያድግ መጠበቅ የለባቸውም። ዳሽንም ንግድ ባንክም ሲወርዱ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበራቸውም።