የአንበሳው ጠጕር

ለሕፃናት በሥዕል የሚዘጋጁ መጻሕፍት ስለ እንግዳ ሰው በሚናገሩበት ጊዜ አብዛኞቹ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው። መልኩ ወይም ጠባዩ ከሌሎቹ የተለየ ልጅ ወይም እንስሳ ይመጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሥቅበታል፥ ይሸሸዋልም፤ ኋላ ግን ያ የተናቀው አንድ ቀን ለሁሉ የሚጠቅም ሥራ ሠርቶ ይገኛልና የናቁት ሁሉ ይወዱታል። ሮበርት ሜይ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 የጻፈው የሩዶልፍ ታሪክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። አፍንጫው እንደ ፍም የሚያበራው አጋዘን የባልንጀሮቹ መሣቂያ ኾኖ ኖረ፤ በጉም ሌሊት መንገድ ባበራ ጊዜ ግን አመሰገኑት። ታሪኩ ጣፋጭ ነው፥ ሕፃናትም ይወዱታል። ነገር ግን ጉም ባይወርድ ኖሮ ያ አጋዘን ምን ይኾን ነበር? ደራሲው ይህን አይጠይቅም፤ ያነበበው ሕፃን ግን፥ ይልቁንም እርሱ ራሱ የተናቀ እንደ ኾነ፥ በልቡ ሳይጠይቅ አይቀርም።

በኢትዮጵያ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የአንበሳው ጠጕር ተረት ነገሩን ከሌላው ወገን ይጀምረዋል። አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበት ልጅ ወዳለበት ቤት ታገባለች፤ ልጁም የእንጀራ እናቱን አይወዳትም። ወደ አንድ ዐዋቂ ሽማግሌ ሄዳ ብትለምነው፥ ከሕያው አንበሳ ጢም ጠጕር አምጪልኝ አላት። እርሷም ሥጋ ይዛ በየቀኑ ትመላለሳለች፤ አስቀድማ ከሩቅ አስቀምጣለት ትሸሻለች፥ ቀጥላም ጥቂት ትቀርባለች፥ በመጨረሻም ከአጠገቡ ኾና ጠጕሩን ትወስዳለች። ሽማግሌውም ልጁን እንዲሁ አድርገሽ ቅረቢው ይላታል። በዚህ ተረት አንበሳው ምንም እንዲሠራ አይጠየቅም፤ ሥጋውንም ጊዜውንም የምታወጣው፥ ፍርሃቱንም የምትሸከመው ቀራቢዪቱ ናት። (ያን ሁሉ ሥጋ ከየት እንዳመጣችው ተረት ነጋሪዎች አይናገሩም፤ በዚህ በኩል ተረት ሁሉ ባለጠጋ ነው።)

ይህን ተረት ረስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር በ1959 በዚያው አቈጣጠር ባሳተሙት ስብስብ ለውጭ አገር አንባቢ አቅርበውታል። በ1995 ደግሞ ሁለት የሥዕል መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንደኛውን ናንሲ ሬይንስ ዴይ ጽፋው አን ግሪፋልኮኒ ሥላዋለች፤ ሁለተኛውን በልጅነቷ በኢትዮጵያ ያደገችው ጄን ከርዝ ጽፋው ፍሎይድ ኩፐር ሥሎታል። ዴይ የተረቱን ሥርዐት ጠብቃ የእንጀራ እናቲቱን ወደ አንበሳው ትልካለች። ከርዝ ግን ገልብጣዋለች፤ በእርሷ መጽሐፍ ወደ አንበሳው የምትሄደው አልማዝ የተባለች ልጅ ናት፥ የምትፈልገውም የእንጀራ እናቷን ፍቅር ነው። አንባቢው ሕፃን ራሱን በገጹ ላይ እንዲያገኝ ስለሚያደርግ ለውጡ ብልኀት አለበት። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ታላቅ ሰው ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ በልጅ ትከሻ ላይ ይጭናልና። በዚህ ረገድ የጥንቱ ተረት የበለጠ ፍትሕ አለው።

ይህንኑ ፍትሕ በሌላ አገር የጠበቀው ጃፓናዊው ታሮ ያሺማ ነው። በ1955 ባወጣው «የቁራው ልጅ» በሚለው መጽሐፍ ቺቢ የተባለ ልጅ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ከትምህርት ቤቱ ወለል ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ለብዙ ዓመት ብቻውን ይቀራል፤ በስድስተኛው ዓመት ኢሶቤ የተባለ አዲስ መምህር መጥቶ ከእርሱ ጋራ ብቻውን ይነጋገራል፥ ከእርሱ በቀር ማንም የማያነበውን ጽሕፈቱንም በግድግዳ ላይ ይሰቅልለታል። ኋላም ቺቢ በሕዝብ ፊት የቁራዎችን ድምፅ እያስመሰለ ሲያሰማ ሰሚዎቹ ያለቅሳሉ። ችኩል አንባቢ «ይህም እንደ ሩዶልፍ በችሎታው ተወደደ» ሊል ይችላል። አይደለም። መምህሩ፥ ልጁ ያን ድምፅ የተማረው ስድስት ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲመለስ በመንገድ እንደ ኾነ ነገራቸው፤ ያስለቀሳቸው ያ መንገድ ነው።

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዋጃ፥ በራያ ሜዳ ማሽላ መካከል በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ይህ ገጽ ትርጓሜ አያሻውም። በዚያ አገር አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት አፋር ነው፤ ጠብ በተነሣ ጊዜም አቦ ገረብ የሚባሉ ሽማግሎች መካከል ገብተው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በራያ ሜዳ አልፎአል፤ ስለዚህ በዚያ ያደገ ሕፃን የጎረቤቱን ስም አስቀድሞ የሰማው በተረት ሳይኾን ከተኵስ ወሬ ጋራ ሊኾን ይችላል። ጎረቤቱ ገና ምንም ሳይጠቅመው ለሚያገኘው ለዚህ ልጅ የሩዶልፍ መንገድ አይበቃውም፤ የሥጋዪቱ ሴት መንገድ ግን ይኾነዋል።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 «ሲሊ ማሞ» የተባለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድነት በባለ ቀለም ሥዕል አሳትሞ፥ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ቋንቋ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳይቶአል። የአንበሳው ጠጕርም አማርኛና ትግርኛ፥ ቢቻል አፋርኛም፥ ጎን ለጎን ኾነው በዚሁ ዐይነት ሊወጣ ይገባዋል። ሠዓሊው በየገጹ በሴቲቱና በአንበሳው መካከል ያለውን ርቀት ጥቂት በጥቂት ያሳጥር፤ አንበሳውን ግን ፈገግ አያሰኘው። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጥርሱ ይታይ።