ስለ ሚቶ ኮዶካን መታደስ አጭር ሂስ

በጃፓን በኢባራኪ ክፍለ ሀገር፥ በሚቶ ከተማ፥ ኮዶካን የሚባል የቀድሞ ትምህርት ቤት አለ። (ካኖ ጂጎሮ በ1882 ከመሠረተው የጁዶ ኮዶካን ጋራ እንዳይምታታ፤ ስማቸው በድምፅ ቢመሳሰልም በጃፓን ፊደል የሚጻፈው ለየብቻ ነው።) የሚቶውን ያቆመው የአገሩ ገዥ ቶኩጋዋ ናሪያኪ ሲሆን፥ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1841 ነው፤ ሌሎቹንም ዓመታት የምንጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው። ማርች 11 ቀን 2011 የደረሰው ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ስፍራውን ክፉኛ ጎዳው፤ እድሳቱም በ2014 ተፈጸመ። ሥራው በደንብ መሠራቱን አንጠራጠርም። የምንጠይቀው ግን የታደሰው ነገር ምንድን ነው ብለን ነው።

ናሪያኪ የትምህርት ቤቱን ዓላማ በእምነ በረድ ላይ አስቀርጾ ነበር። ከዓላማዎቹም አንዱ የመጽሐፍ ትምህርትና የጦር ትምህርት ሳይነጣጠሉ አብረው እንዲሄዱ ነው። ስለዚህ በሰፊው ግቢ ውስጥ አንዱ ወገን ለመጽሐፍ፥ ሌላው ወገን ለሰይፍና ለጦር ልምምድ ተሠርቶ ነበር። የልምምዱ አዳራሾች በ1868 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠሉ፤ ዳግመኛም አልተሠሩም። ዛሬ ከጥንቱ ሥራ ቆመው የሚታዩት ዋናው በር፥ ዋናው አዳራሽና የገዥው ማረፊያ ናቸው። ከዋናው አዳራሽ ፊት ለፊት ሜዳ አለ፤ ተማሪዎች በጦር ትምህርት ሲፈተኑ ገዥው ከአዳራሹ ሆኖ ይመለከት ነበር። እንግዲህ ለትውልድ የተረፈው የተመልካቹ መቀመጫ ነው፤ ተማሪው ላቡን ያፈሰሰበት ወለል የለም።

በ2011 ግድግዳው ተሰነጠቀ፥ ልስኑ ረገፈ፤ ቁመቱ ከ3 ሜትር የሚበልጠው የእምነ በረድ ጽሑፍም ከፊሉ ተሰባበረ። ስብርባሪው ተለቅሞ እንደገና ተገጠመ። ይህ ትዕግሥት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ድንጋዩ የሚናገረው ሐሳብ ከድንጋዩ ጋራ ተጠግኗል ለማለት እንቸገራለን።

ልምምዱ ወዴት ሄደ ቢባል፥ ሩቅ አልሄደም። ኮዶካን በ1872 ከተዘጋ በኋላ፥ በ1874 በዚያው በሚቶ ቶቡካን የተባለ የመለማመጃ አዳራሽ ተከፈተ፤ መሥራቹም በኮዶካን የሰይፍ ስልት ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ቤቱ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ሆኖም ሌላ ቤት ተሠርቶ ትምህርቱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ስለዚህ በአንዲት ከተማ ውስጥ አንዱ ቤት አሮጌ እንጨት አለው፥ ሌላው ግን እስትንፋሱን ይዟል።

አንዳንድ ሰዎች ጥንታዊ ቤት ከተለማመዱበት ይበላሻል ይሉ ይሆናል። በ1899 የተሠራው የኪዮቶ ቡቶኩደን ይህን አሳብ አይደግፍም፤ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቦ ሳለ በየዓመቱ በሜይ ወር የኬንዶ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ሌሎች ደግሞ የተቃጠለውን አዳራሽ እንደ አዲስ መሥራት ሐሰት ነው ይላሉ። እኛም እንዲሠራ አንጠይቅም። ይሁንና በዚያው በኮዶካን የካሺማ መቅደስ በ1945 ተቃጥሎ፥ በ1970ዎቹ ከኢሴ የመጣ አሮጌ መቅደስ በስፍራው እንደቆመ ማስታወስ ይገባል፤ እንጨቱ ከሌላ ስፍራ ቢመጣም የጸሎቱ ቦታ ባዶ አልቀረም።

ለሕጉም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቺባ ክፍለ ሀገር በ1960 የካቶሪ ሺንቶ ሪዩን የሰይፍ ትምህርት ራሱን፥ ቤቱን ሳይሆን፥ በቅርስነት መዝግቧል። ወደ ሚቶ ስንመለስ፥ እድሳት የሚመሩት ሰዎች የሚቆጥሩት ምሰሶና ልስን ብቻ ከሆነ፥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ቶቡካንን ቢጥለው ዕድሜው አጭር የሆነ ተራ ቤት ወደቀ ተብሎ ይታለፋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ቤቶች በአንድ መዝገብ ሊታዩ ይገባል፤ የቶቡካን ተማሪዎችም ለጎብኚ ትርኢት ሳይሆን በቋሚ ሥርዓት፥ ገዥው ይመለከትበት በነበረው ሜዳ ላይ ቢፈተኑ ወጪው ብዙ አይደለም።