የነገረችው ማን፣ የጻፈችው ማን?



በየካምፑ የሴቶች የንባብና የጽሕፈት ክበብ እናቋቁም የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። እኛ ግን ከገንዘቡ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም እንላለን። በክበቡ ውስጥ የሚነገረው የማን ታሪክ ነው? ብዕሩን የምትይዘውስ ማን ናት? ይህን ነገር አጥርቶ ለማየት የሚጠቅመን ፌምራይት የተባለው የዩጋንዳ የሴት ደራሲያን ማኅበር ነው። በዚህ እትም ሥራውን የሚመሰገነውን እያመሰገንን፣ የሚተቸውንም እየተቸን እንመለከተዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌምራይት በ1996 ካምፓላ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ዋና መሥራቿ ሜሪ ካሮሮ ኦኩሩት በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ የፓርላማ አባልና ሚኒስትር ሆነዋል። ደራሲዋ ጎሬቲ ኪዮሙሄንዶ ደግሞ የመጀመሪያዋ አስተባባሪ ነበረች። በዚያን ጊዜ የዩጋንዳ ሥነ ጽሑፍ ሲባል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው የነኦኮት ፒቢቴክ ስም ነበር። ሴቶች አልጻፉም ማለት አይደለም፤ ጽሑፋቸውን የሚያሳትምላቸው ማግኘት ግን ከባድ ነበር። ታዲያ እነዚህ ሴቶች ምን አደረጉ? በር ማንኳኳቱን ትተው ራሳቸው አሳታሚ ሆኑ። በ1998 ብቻ የኦኩሩትን ልብ ወለድ፣ የሱዛን ኪጉሊን የግጥም መድበል፣ እንዲሁም የብዙ ሴቶችን አጫጭር ልብ ወለዶች የያዘ ስብስብ አወጡ። የኪጉሊ መድበል በ1999 የዩጋንዳ ብሔራዊ የመጽሐፍ ድርጅት የግጥም ሽልማትን አገኘ። በ2007 ደግሞ ከክበቡ ደራሲያን አንዷ ሞኒካ አራክ ደ ንዬኮ የኬይን ሽልማትን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ዩጋንዳዊት ሆነች።

ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። እኛን ይበልጥ የሚያስቀናን ግን ሽልማቱ አይደለም፤ ሰኞ ነው። ፌምራይት በየሳምንቱ ሰኞ የአንባቢያንና የጸሐፊያን ክበብ ሲያካሂድ ኖሯል። የጻፈ ሰው ገና ያልተጠናቀቀ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጡበታል። አባል ያልሆነም፣ ወንድም ይመጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ጆሮ ነው። በእኛ ዘንድ የተለመደው ምንድን ነው? ማርች 8 የሴቶች ቀን ሲደርስ ወይም ጁን 20 የስደተኞች ቀን ሲከበር አንዲት ተማሪ መድረክ ላይ ትወጣለች፣ ግጥሟን ታነባለች፣ ይጨበጨብላታል፣ አለቀ። ሁለተኛው ስንኝ ለምን እንደላላ፣ መጨረሻው ለምን እንደተቻኮለ የሚነግራት የለም። ጭብጨባ ክብር ነው፤ ትምህርት ግን አይሆንም። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ግጥም ይዛ ብትወጣ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ሌላው የክበቡ ሥራ እንምጣ፤ ትችታችንም ያለው እዚህ ላይ ነው። ፌምራይት ከልብ ወለዱና ከግጥሙ ሌላ የምስክርነት መጻሕፍትን አሳትሟል። በ2003 የወጣው «የተስፋ እንባ» የገጠር ሴቶችን እውነተኛ ታሪኮች ይዟል። በ2008 እና በ2009 የወጡት ሁለት መጻሕፍት ደግሞ የሰሜን ዩጋንዳ ሴቶች በጦርነቱ ያዩትን ይዘው ወጡ። የጌታ ተከላካይ ጦር (ኤልአርኤ) የተባለው አማፂ ቡድን ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2006 በዚያ አካባቢ ሕፃናትን ሲያፍን፣ ሰው ሲገድል ቆይቷል፤ ጦርነቱ እጅግ በከፋበት ጊዜ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በተፈናቃይ ካምፖች ይኖር ነበር። ሴቶቹ ተናገሩ፣ የክበቡ ደራሲያን ጻፉ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ብዙው ነገር ከተናጋሪዎቹ ጋር በቀረ ነበር። ይህን ውለታ ማቃለል አንፈልግም።

ነገር ግን የመጻሕፍቱን ርዕስ ልብ በሉ። አንዱ እንባ ይላል። የ2009ኙ «አመድ ማረስ» ይባላል፤ ከሥሩም የስቃይና የጽናት ታሪኮች የሚል ተጨምሮበታል። አንባቢው መጽሐፉን ሳይከፍት ሴትዮዋን በመከራዋ ያውቃታል። የዚህ ዓይነት አጻጻፍ አደጋው ይሄ ነው። ታሪኳ ጉዳቷ ከደረሰበት ቀን ይጀምራል፣ በተስፋ ያበቃል። ከዚያ በፊት ነጋዴ የነበረችው፣ ዘፈን የምታወጣው፣ ባለቤቷን በቀልድ የምታሸንፈው ሴት ትጠፋለች። ቋንቋውም አለ። በአቾሊኛ ወይም በሌላ የአገሬው ቋንቋ የተነገረው ታሪክ የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፉን ሩቅ አገር አድርሶታል፤ ለባለታሪኳ ጎረቤት ግን አላደረሰውም።

ካምፕ ውስጥ የኖረ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ያለች ሴት ታሪኳን ስንት ጊዜ ተናግራለች? ለምዝገባ፣ ለፕሮቴክሽን፣ ለሪሴትልመንት ኢንተርቪው። እዚያ ታሪክ ማለት ኬዝ ነው። ቀኑ ከቀኑ መግጠም አለበት፣ ዝም ማለት ያስጠረጥራል፣ መሳቅማ ጨርሶ አይታሰብም። የእኛ ክበብም ያንኑ ኢንተርቪው በሌላ ስም የሚደግም ከሆነ ምን ጠቀመ?

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየችን የዚሁ ክበብ አባል ናት። ቢያትሪስ ላምዋካ የጉሉ አካባቢ ልጅ ናት። በ2010 የወጣውና በ2011 ለኬይን ሽልማት ከታጩት አንዱ የነበረው «የቢራቢሮ ሕልሞች» የተሰኘ አጭር ልብ ወለዷ የሚያወራው ተጠልፋ ስለተመለሰች ልጅ ነው። ቤተሰቧ ስሟን በሬዲዮ እሰማ ይሆን እያለ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሞታለች ብሎም መንፈሷን ቀብሯል። ልጅቷ ስትመለስ ግን አትናገርም። ታሪኩን የሚተርከው የቤተሰቡ ድምፅ ነው፤ ልጅቷን «አንቺ» እያለ ያናግራታል እንጂ ስለ እሷ ለሌላ ሰው አያወራም። ጫካ ውስጥ ምን እንደደረሰባት አንባቢው በዝርዝር አይነገረውም። ማወቅ ይፈልጋል፣ ቤተሰቡም ይፈልጋል፤ ደራሲዋ ግን ልጅቷን አታስገድዳትም። ዝምታዋ የእሷ ሆኖ ይቀራል። የምትፈልገው ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት ነው። በእኛ ሚዛን ይህ አጭር ሥራ ስለዚያ ጦርነት ከብዙ ምስክርነት የበለጠ ይናገራል፤ ምክንያቱም የተጎዳችው ልጅ ምን እንደተደረገባት ብቻ ሳይሆን ምን እንደምትመኝ እናያለን።

«ታዲያ ፊደል ያልቆጠረችው እናት እስክትማር ትጠብቅ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኛም አገር ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ስንት ግጥም ገጥመው ስማቸው የትም ሳይጻፍ ቀርቷል። አንዷ ብትጽፍላቸው ኖሮ ማን ይጠላ ነበር? ስለዚህ ለሌላ ሰው መጻፍ ክፉ ነው አንልም። የጻፍነውን ግን በገባት ቋንቋ መልሰን እናንብብላት። ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ይቅር የማለት መብቱ የእሷ ይሁን። ስሟ ይታተም ወይስ ይደበቅ የሚለውንም እሷ ትወስን፤ ለአንዳንዷ ስም ክብር ነው፣ ለአንዳንዷ አደጋ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰኞው ጠረጴዛ እሷም ትጠራ። መጻፍ ባትችል በቃሏ ትበል፣ የሌሎችን ትስማ፣ አስተያየት ትስጥ። አንድ ክበብ ሠርቷል የምንለው ትናንት ተናጋሪ የነበረችው ዛሬ ጸሐፊ፣ ወይም ቢያንስ ተቺ ስትሆን ነው። ያሳተመው መጽሐፍ ብዛት ከዚያ በኋላ ይቆጠራል።

መምህራን ሆይ፣ ክበብ ለማቋቋም የፕሮጀክት ፊርማ አትጠብቁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ሴት ተማሪዎች ውኃ የሚቀዱበትን፣ ራሽን የሚወጣበትን ሰዓት አይታችሁ ቀኑን ከእነሱ ጋር ምረጡ፤ አለዚያ ክበቡ የሴቶች ይባልና ወንበሩን የሚሞላው ሌላ ይሆናል። ተማሪዎች ደግሞ፣ ስለ ስደት ብቻ ጻፉ ብሎ የሚያዛችሁ ካለ አትስሙት። ስለ ፍየል፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ ፍቅር መጻፍም ትችላላችሁ። ተነቦ፣ ተተችቶ፣ እንደገና የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁ ላኩልን። ያልተተቸውን ግን መጀመሪያ ለጓደኛችሁ አንብቡላት።

በሚቀጥለው እትም በቸር ያገናኘን።