ኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው

ሰላ ድንጋይ ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙልኝ ሾፌሮች አብዛኞቹ የሚሉኝ «ቼክ ኢንጂኑን አጥፋልኝ» ነው። ማጥፋቱስ ቀላል ነው፤ መሪው ሥር ካለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ የኮድ ማንበቢያውን ማሽን ሰክቶ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ። እኔ ግን ሳላነብ አላጠፋም። የመኪናው ኮምፒውተር የጥፋቱን ኮድ ሲይዝ በዚያች ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይመዘግባል፤ ኮዱ ሲጠፋ ያም ይጠፋል። በእኛ መንገድ ደግሞ ያ መዝገብ በጣም ያስፈልገኛል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ደጄ ቆሞ ለስለስ ብሎ የሚሠራ ሞተር ዳገቱ ላይ ሲጨነቅ ብቻ ሊያስቸግር ይችላል።

አንድ ቪትዝ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ካንዴላዎቹ ሌላ ቦታ ተቀይረዋል፤ ለውጥ የለም። ማሽኑ ፒ0302 አለኝ። ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው እንጂ ይህን ዕቃ ቀይር ማለት አይደለም። ቦቢናም፣ ኢንጀክተርም፣ የኮምፕሬሽን ማነስም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ። ባለቤቱ «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» ሲለኝ «ቆይ፣ ገና ነው» አልኩትና የሁለተኛውን ቦቢና ነቅዬ ከአንደኛው ጋር አቀያየርኳቸው። ኮዱን አጥፍቼ አጭር ዳገት አስወጣነው። ስንመለስ ፒ0301 ሆኗል። ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል፤ የተገዛውም እሱ ብቻ ነው። በሙያዬ እንደዚህ ያለ ሰዓት የሚያስደስተኝ የለም።

ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ችላ ብሎ ረጅም መንገድ መንዳት ግን አይገባም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ ካታሊስቱ ውስጥ ይቀጣጠላል፤ ካታሊስቱም ግሎ ይበላሻል። ገብስ በሚወቃበት ወራት እንዲህ የጋለ መኪና ገለባ ላይ ማቆም እሳት መለኮስ ነው፤ ይህን ለእያንዳንዱ ሾፌር ደጋግሜ እናገራለሁ። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አዙራችሁ ዳሽቦርዱን እዩ። ቼክ ኢንጂኑ ያኔ ሊበራ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሊጠፋ ይገባል። ከመጀመሪያውም ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይ ሰው ነክቶታል፤ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ማሽን ይሰካበት።