ከሰማይ የታየው ጢስና የጅማ አየር

በየካቲትና በመጋቢት 1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲቃጠሉ ጢሱ በሳተላይት ታይቷል። የጢስ ካርታ ስለዚህ ቢከበር ተገቢ ነው፤ እኛ የምንነቅፈው አነባበቡን ነው። «ሞዲስ» የተባለው መሣሪያ ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ብናኝ ደምሮ ይለካል እንጂ ሰው የሚስበውን ለይቶ አይነግርም። በበጋ ከጋምቤላ ቆላ የሚነሣ የሣር ቃጠሎ ጢስ ከጅማ በላይ ከፍ ብሎ ቢያልፍ ካርታው ከተማይቱን ያጠቁራል። በአንጻሩ በአጋሮና በሊሙ ገነት ገና ሳይነጋ ከየማድቤቱ ወጥቶ በሸለቆው የሚተኛውን የማገዶ ጢስ፣ ለብዙ ዓመታት ከረፋዱ 4:30 ገደማ ያልፍ የነበረው ቴራ እንደምን ያገኘዋል? በክረምትማ ደመና ስለሚጋርደው ካርታው ባዶ ይቀራል፤ ይህን ባዶ ስፍራ ንጹሕ አየር ብሎ ማንበብ በምድጃ ዳር በሚውሉት እናቶች ላይ ፍርደ ገምድልነት ነው።